የሀያት ግራ ጆሮ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ ትጮሃለህ ይለኛል። መስጊድ በራፍ ላይ ሰላም ስል ሰው ይደነግጣል። ስልክ ሳነሳ ሱቄ ውስጥ ያለው ደንበኛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ባለፈው ከኡራን መንደር የመጣ ከብት ሻጭ «እኔ እዚህ ነኝ እኮ፣ ማዶ አይደለሁም» አለኝ። ማዶ የምንለው የኢትዮጵያውን ሞያሌ ነው። እኔ የምኖረው በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ነው። ሰውዬው ሲቀልድ ነው፤ ግን በእኔ ድምፅ ማዶ ያለን ሰው ያለ ስልክ ማናገር ሳይቻል አይቀርም።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ለስላሳ ድምፅ ነበረኝ። ባለቤቴን ዘሃራን ለትዳር የጠየቅኳት ቀን «ምን አልክ?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደግማኛለች። አልሰማሁም ነው የምትለው፤ እኔ ግን ደስ ብሏት ነው ያስደገመችኝ እላለሁ። መጮህ የለመድኩት ቤቴ ውስጥ ነው። ልጄ ሀያት ስድስት ዓመቷ ነው። ግራ ጆሮዋ አይሰማም። ቀኙ ይሰማል፣ እሱም ጉንፋን ካልያዛት። ሰው ደግሞ ቤቱ የለመደውን ነው ውጭ ይዞት የሚወጣው።

እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሰፈሩም ጠይቆኛል። ለሰፈሩ የምመልሰው አጭር ነበር፤ «የአላህ ሥራ ነው» እልና ሚዛኔን አነሳለሁ። ለእናንተ ግን ከሥሩ ልንገራችሁ። የግመል ወተት ያለበት ሻይ ይምጣላችሁ፣ ወሬው ረዘም ይላል።

ድንበር ላይ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚማረው አንድ ነገር ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል።» ይሄን ተረት ያወጣው ሰው ሞያሌ ሳያድር አልቀረም። እኛ ሁለት ሲም ካርድ አለን፤ የዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ የማዶው ይመጣል። እዚህ ግርግር ሲነሳ የምንሸሽበት ዘመድ ማዶ አለ። ማዶ ሲነሳ ደግሞ እነሱ ፍራሻቸውን ተሸክመው እኛ ጋ ይመጣሉ። የረመዳን ጨረቃ እንኳ እዚህ ካልታየች እዚያ ታየች ይባላል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ወረቀት ይረካል?

ሀያት የተወለደችው ማዶ፣ በዘሃራ እናት ቤት ነው። እዚያ ጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ ሰጧት። የመጀመሪያውን ክትባት ተከተበች። እናትና ልጅ አርባ ቀን ሞልቷቸው ወደ ቤታቸው ሲመጡ ደግሞ እኔ እዚህ ክሊኒክ ሄጄ ሌላ ካርድ አወጣሁላት። ለምን? ነገ ትምህርት ቤት ይጠይቃል። ከነገ ወዲያ መታወቂያ የሚሰጠው ይጠይቃል። ወረቀት ይበዛል እንጂ አያንስም። ሁለቱን ካርዶች በፌስታል ጠቅልዬ ሳጥን ግርጌ አስቀመጥኩና ቆለፍኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ሞኙ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሱቁ ገባ።

ሁለተኛው ክትባት ሲደርስ፣ ዘሃራ በየቀኑ ማዶ ትሄድ የለ፣ እዚያው ታስከትባታለች ብዬ ተውኩት። ዘሃራ በበኩሏ፣ ሰውዬው እዚህ ካርድ ያወጣው ለዚሁ አይደል፣ እሱ ይወስዳታል ብላ ተወችው። አንድ ቀን ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ሠራተኛ መጥታ ልጅቷ ተከትባ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ማዶ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። በዚያው ሰሞን የማዶ ጤና ሠራተኞች የዘሃራን እናት ጠይቀዋቸው ኖሯል። እሳቸውም «ኬንያ» ብለዋል፣ ደረታቸውን ነፍተው።

አሁን ደግሞ ስለ ፈጠራዬ ልንገራችሁ። አዎ፣ እኔ ፈጣሪ ሰው ነበርኩ።

ዘሃራ ጠዋት ጠዋት ልጇን አጥብታ ማዶ ትሻገራለች። በርበሬ፣ ቡና፣ ቅመማ ቅመም ይዛ ከሰዓት ትመለሳለች። እኔ ሱቅ እውላለሁ። የምሸጠው ቅመምና ዘይት ነው፤ በተለይ የጥቁር አዝሙድ ዘይት። ስድስት ወር ከሞላት በኋላ ሀያት ከእኔ ጋር ትውላለች። ወተቷን የምናመጣው ከጎረቤታችን ከአኮ ዳርሚ ነው። አኮ ማለት በቦረና አያት ማለት ነው። አኮ ዳርሚ የቦረና አሮጊት ናት፤ ልጆቿ ከኡራን የግመል ወተት በጭነት መኪና ይልኩላታል፣ እሷ ማንያታ ትሸጣለች። ወተቱን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በጡጦ አደርገዋለሁ። እስከዚህ ድረስ መልካም አባት ነኝ።

ከሰዓት ግን ሁለት ሦስት ወዳጆቼ ይመጣሉ። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ገብተን ጫት እንቅማለን፣ ሲጋራ ይጨሳል፣ ወሬ ይደራል። ሀያት ደግሞ ወሬ ጣፍጦ ጣፍጦ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው የሚርባት። አንድ እጅ ለጫቱ፣ አንድ እጅ ለሲጋራው። ለጡጦው የቀረ እጅ የለም። ታዲያ አንድ ቀን ብልሃቱ መጣልኝ። ልጅቷን ፍራሹ ላይ በጀርባዋ አጋድማታለሁ። ከጎኗ መከዳ። መከዳው ላይ የታጠፈ ሽርጥ። ሽርጡ ላይ ጡጦው፣ አፉ ወደ አፏ ዘንበል ብሎ። አለቀ። ልጅ ለራሷ ትጠጣለች፣ አባት ለራሱ ይቅማል።

ስም ሁሉ አወጣሁለት፤ «ሠራተኛዋ» አልኩት። ደመወዝ የማትጠይቅ፣ ቤተሰብ ልጠይቅ ብላ የማትሄድ። ወዳጆቼ አደነቁኝ። የከብት ደላላው ሁሴን፣ መንታ ልጆች ያሉት፣ በማግስቱ ቤቱ ሁለት «ሠራተኛ» ቀጠረ። ከሁሴን ሌሎች ተማሩ። መልካም ሥራ እንዲህ በፍጥነት ሲዛመት አይቼ አላውቅም።

ያልተገረመች አኮ ዳርሚ ብቻ ናት። የወተት ዕቃዋን ልትወስድ ስትገባ ጭሱን በሻሿ እያባረረች ልጅቷን አየቻት።

«ማል ጎታ? ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ። «ልጅ ተጋድሞ ወተት አይጠጣም። የግመል ግልገል ተኝቶ ሲጠባ አይተሃል? ቆሞ ነው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። እንዲህ ከሆነ ወተቱ ባፉ ገብቶ በጆሮው ይወጣል።»

በአፍ ገብቶ በጆሮ! ሦስት ቀን ሳቅኩ። ለመጣ ሁሉ አወራሁት። ሁሴን ምራቁ ትን እስኪለው ሳቀ። አሮጊቷ የግመል ሐኪም ናት አልን። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል የአገሬ ሰው። መከራ ደግሞ አይቸኩልም። እስክትስቁ ይጠብቃችኋል።

ሀያት ዘጠኝ ወር ሲሆናት ጉንፋን ያዛት። አቧራ የሚነሳበት ወቅት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰውነቷ ጋለ። ጆሮዋን እየጎተተች ጠዋት የጀመረችው ለቅሶ እስከ እኩለ ቀን አላባራም። ዘሃራ ማዶ ናት። እኔ ልጅ አቅፌ መደርደሪያዬን አየሁ። ዓይኔ የት ያርፋል? ዘይቴ ላይ ነዋ። ስንቱን በሽተኛ «ይሄን ሞክር» ብዬ የሸኘሁበት ዘይት። በማንኪያ ለብ አድርጌ ግራ ጆሮዋ ውስጥ አንጠባጠብኩት።

ጮኸች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ዝም አለች። እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነሳ ትራሱ ላይ ቢጫ ርጥበት ነበር። ከጆሮዋ መግል ወጥቷል። ሕመሙ ግን የለም፤ ልጅቷ ትስቃለች።

በሽታው ወጣ አልኩ። ወላሂ አምኜ ነው። ለዘሃራ ገና ከበር ሳትገባ ነገርኳት። ለሁሴን ነገርኩት። ለደንበኛ ሁሉ ነገርኩ። «የእኔ ልጅ ባንድ ማንኪያ ዳነች» እያልኩ ትንንሾቹን ጠርሙሶች ሸጥኩ። መደርደሪያው ባዶ ሆነና ሌላ አስመጣሁ።  ያን ቀን ለቅሶዋ ያቆመው ዘይቱ አድኗት አልነበረም። ውስጥ ያለው መግል ሞልቶ ሞልቶ የጆሮዋን ታምቡር ቀዶት ሲወጣ ነው ሕመሙ የለቀቃት። እኔ የተቀደደውን ይዤ ዳነ ብዬ ገበያ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ጆሮዋ ይፈሳል። እኔም ዘይት አንጠባጥባለሁ፣ ጥጥ በዘይት ነክሬ እወትፋለሁ። ሽታው እንዳይታወቅ ሻሽ አስርላታለሁ። ዘሃራ ክሊኒክ እንውሰዳት አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ደጋግማ። «አንቺ ቀን ቤት አትውዪ፣ ምኑን ታውቂዋለሽ?» አልኳት። ዝም አለች።

ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። እናትየዋ ገበያ እየዋለች ነው ልጅቷ የታመመችው አሉ። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ፣ ግን የበዙት እናትየዋ ያሉት ናቸው። ዘሃራ ይሄን ትሰማለች። እኔም እሰማለሁ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ለምን እተነፍሳለሁ? ጥፋቱ ሌላ ሰው ቤት አድሮ እያለ ወደ ራሱ የሚጠራ ማን አለ?

ሦስት ዓመት ሲሆናት ስጠራት አልመጣ ማለት ጀመረች። «ሀያት» እላለሁ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጫወታለች። ሬዲዮኑን እስኪያጓራ ከፍ ታደርገዋለች። ደረቅ ልጅ ናት፣ እንደ እናቷ፣ አልኩ። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠርቻት ባትመጣ ተነስቼ ሄጄ ጆሮዋን ያዝኩና ቆነጠጥኳት። አባቶቻችን እንዲህ አይደል የሚቀጡን? የትኛውን ጆሮ አትበሉኝ። ግራውን ነው። ልጅቷ ለምን እንደተቆነጠጠች አላወቀችም። እንዲሁ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ያ አስተያየቷ ዛሬም እህሌን ያስተወኛል።

ከሳምንት በኋላ ሱቁ ፊት ለፊት አቧራው ላይ በጣቷ ትስላለች። በግራዋ በኩል ቦዳ ቦዳ መጣ፣ ጀሪካን የጫነ ሞተር ብስክሌት። ባለ ሞተሩ ጡሩንባውን ነፋ። መንገዱ ላይ ያለ ፍየል እንኳ ዘወር አለ። ሀያት መሳሏን ቀጠለች። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ አፌ ተከፍቶ ቀረ። አኮ ዳርሚ ናት በቀሚሷ ይዛ የሳበቻት። ሞተሩ ስዕሏ ላይ ሄደበት።

አሮጊቷ አልተቆጣችም። ልጅቷን አቁማ ከኋላዋ በግራ በኩል አጨበጨበች። ምንም። በቀኝ በኩል አጨበጨበች። ሀያት ዞር አለች። አኮ ዳርሚ ከዚያ እኔን አየችኝ። ስለ ግመል ግልገል አላነሳችም። ብታነሳ ይሻለኝ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ፣ ሀያትን አቅፌ ክሊኒክ ሮጥኩ። ሁለቱን ካርዶችም ይዤ ነበር። ወረቀት ሲበዛ ይረዱኛል ብዬ ይሆናል።

ክሊኒኩ ውስጥ ሲስተር ቃባሌ የምትባል ነርስ አለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛን ከገበያ የለቀመች ናት። አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሽማግሌውንም ሼኩንም አንተ ነው የምትለው። የሚቀየማት የለም። ካርዶቹን ግራና ቀኝ ዘርግታ አየቻቸው። አንዱ ላይ አንድ ምልክት አለ። ሌላው ላይ የሀያት ስም ብቻ።

«ሁለት ካዲ አለህ» አለችኝ። «ልጅ ግን አንድ ናት። ሁለት ካዲ ይዘህ ግማሽ ክትባት እንኳ የላትም። እንዴት ነው?»

እንዴት እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ማዶ ስል፣ እዚህ ስል፣ እሷ ስል፣ እኔ ስል፣ ራሴው ድምፄን ሰምቼ አቆምኩ። ሲስተር ቃባሌ የሀያትን ጆሮ በመብራት አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ምን አደረግክበት?»

«ምንም» አልኩ።

ጥጡን አውጥታ አሸተተችው። «ይሄ ምንም አይደለም። ይሄ ያንተ ዱካ ነው የሚሸተው። ቅመም ልገዛ ስመጣ የምሸተው ይሄን ነው። አባ ሀያት፣ ይሄ ዳዋ አይደለም። የሚፈስ ጆሮ ደረቅ መሆን አለበት፣ ዘይት የለም፣ ውሃ የለም፣ ካቢሳ።»

ዱካ ሱቅ ነው፣ ዳዋ መድኃኒት፣ ካቢሳ ደግሞ ጭራሽ ማለት ነው። በሦስት ቃል የሃያ ዓመት ንግዴን ዘጋችው።

ማርሳቢት ከተማ፣ ሆስፒታል ድረስ ላከችን። በአውቶቡስ ሄድን፣ ዘሃራም አብራን። እዚያ ያየን ሐኪም ወጣት ነው፣ ትዕግሥተኛ። ጉሮሮንና ጆሮን የሚያገናኝ ቀጭን ቧንቧ አለ አለኝ። የሕፃን ደግሞ አጭርና ጋደም ያለ ነው። ጉንፋን ሲይዛት ቧንቧው ያብጥና ይደፈናል። የሲጋራና የከሰል ጭስ ያባብሰዋል። ልጅ ተጋድማ ጡጦ ስትጠጣ ወተቱ ወደዚያው ሊሄድ ይችላል። ልጅን ወተት ሲያጠጡ አቅፎ፣ ራሷን ቀና አድርጎ ነው አለኝ። የአኮ ዳርሚ የግመል ግልገል ማርሳቢት ድረስ ቀድሞኝ ሄዶ ነጭ ጋዎን ለብሶ ጠበቀኝ።

ዘሃራ ስለ ክትባቱ ጠየቀችው። ከቀሩት ክትባቶች አንዱ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ጆሮንም ከሚያጠቃ ጀርም ይከላከላል አላት። ያን ብትወስድ ኖሮ አይታመምም ነበር ወይ አልኩት እኔ። ሐኪሙ አሰበ። «ምናልባት» አለ። እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ግን ምናልባት። አዎ ቢለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አይ ቢለኝ እተኛ ነበር። ምናልባት ግን አያስለቅስም አያስተኛም።

የግራው ነገር አብቅቷል፤ መግሉ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ አጥንቶች በልቷቸዋል። የቀኙን እናድነው አለን። የቀኙን ይዘን ተመለስን። ሲመሽ ሲነጋ የምጠብቀው እሱን ነው። ስትታጠብ ውሃ እንዳይገባበት። ጉንፋን ሲጀምራት በዚያው ቀን ሲስተር ቃባሌ ጋ። ሲጋራውን ተውኩ። ጫቱንም ልተው ነበር፣ እሱ ግን እኔን አልተወኝም፤ አሁን ውጭ ዛፉ ሥር ነው የምንቅመው። ዓምና ወንድሟ ኢልያስ ተወለደ። አንድ ካርድ ነው ያለው። አንድ፣ ግን የሞላ። ጡጦ ሲጠጣ ልክ እንደ ሹም ቀጥ ብሎ እቅፌ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው። ቅጠሉን ያገኘሁት ግን አንዷ ከተቃጠለች በኋላ ነው።

ታዲያ ዝም ያልኩ እንዳይመስላችሁ። መካሪ ሆንኩ። ሱቅ የመጣውን እናት ሁሉ ይዤ ስለ ጡጦ፣ ስለ ጭስ፣ ስለ ክትባት እነግራለሁ። ለጆሮ የሚሆን ዘይት ለሚጠይቅ አልሸጥም። ሰው ግን ይስቃል። አባ ሀያት ሰባኪ ሆኗል፣ ይጮሃል ይላል። ሁሴን «ሠራተኛዋን» እንዲያባርር ለምኜዋለሁ፤ አንተው አይደለህ እንዴ የቀጠርክልኝ ይለኛል። ከፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ ደግሞ ዘይት ሲሸጥ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «የአባ ሀያት ልጅ ባንድ ማንኪያ ነው የዳነችው።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሌ መንገድ ተሻግሮ እሱን ያበለጽጋል።

ቃሌን መመለስ አቅቶኝ አይደለም። አንድ ነገር ብል ይመለስ ነበር። «አልዳነችም፣ ያደነቆርኳት እኔ ነኝ» ብል ያልቅ ነበር። ይቺን ግን አላልኩም። ሐኪም እንዲህ ይላል እላለሁ፣ ሲስተር እንዲህ ትላለች እላለሁ። «እኔ» አላልኩም። ሰፈሩ አሁንም እናቷ ገበያ እየዋለች ነው ይላል። ዘሃራ አሁንም ትሰማለች። ማርሳቢት አብራኝ ነበረች፣ ሐኪሙ ሁሉንም ሲናገር ሰምታለች፤ ከእኔ አፍ ግን አንድ ነገር ጠብቃ አላገኘችም።

ባለፈው ዓርብ ከሶላት መልስ ሱቁን እንደከፈትኩ ከጎዶማ መንደር የመጣች ወጣት እናት ገባች። ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። ልጁ ጆሮውን ይጎትታል፣ ያለቅሳል። «የአባ ሀያት ልጅ የዳነችበትን ዘይት» አለችኝ። አባ ሀያት እኔ መሆኔን አላወቀችም። ክሊኒክ ሂጂ አልኳት። ርቆኛል አለች። ቅርብ ነው አልኳት። ሰልፍ አለ አለች። የምታናግረው ሰው ማን እንደሆነ ብነግራት ኖሮ... አልነገርኳትም። መንገዱን ተሻገረች። ትንሿን ጠርሙስ ስትቀበል አየሁ። የዚያን ልጅ ለቅሶ እየሰማሁ ቆምኩ፤ የእኔ ልጅ ለቅሶ ነበር፣ አንድ ዓይነት።

ሱቁን ገርበብ አድርጌ ከጀርባ ወዳለችው ክፍል ገባሁ። ሀያት ፍራሹ ላይ ጋደም ብላለች። ደህናው ጆሮዋ ትራሱ ላይ ነው፣ ግራው ወደ ላይ። እንዲህ ስትተኛ መድፍ ቢተኮስ አትሰማም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።  ለዚያች ጆሮ ልንገራት አልኩ። የነገሩ ባለቤት እሷ ናት፣ ደግሞ አትሰማኝም።

ጎንበስ ብዬ ነገርኳት። «ዘይቱን ያፈሰስኩብሽ እኔ ነኝ። እናትሽ ክሊኒክ እንውሰዳት ስትል እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አጋድሜ ያጠጣሁሽ እኔ፣ ጭስ ውስጥ ያስተኛሁሽ እኔ፣ ካርድሽን ቆልፌ የረሳሁ እኔ። የቆነጠጥኩሽም እኔ። እናትሽ ምንም አላደረገችም። ሰው እሷን ሲያማ ዝም ያልኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው። አልዳንሽም ልጄ። ዳነች ያልኩት ውሸት ነው።»

እኔ የሹክሹክታ ያህል ነው የመሰለኝ። ለሀያት ሁልጊዜ በምናገርበት ድምፅ ነበር ለካ የተናገርኩት።

ስጨርስ ሰፈሩ ጸጥ አለ። የማንያታ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይርሐሙከላህ የምንለው ከየቤታችን ሆነን ነው። የፊት ለፊቱ ባለ ሱቅ ሬዲዮ ዘግቷል። አኮ ዳርሚ ከአጥሩ ወዲያ የምታጥበውን ዕቃ አስቀምጣለች። ዘሃራ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ነበር። እርጥብ ሽርጤን እንደያዘች በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። 

«ቀስ ብለህ ብትነግረኝም እሰማህ ነበር» አለችኝ። ሽርጡን ልታሰጣ ተመለሰች።

በማግስቱ አኮ ዳርሚን የጎዶማዋ እናት ሰምታ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሰምታለች አለችኝ። ጠርሙሱን እጇ ላይ እያገላበጠች ቆማ፣ ከዚያ ቦዳ ቦዳ ይዛ ሄደች። ወደ የት? አኮ ዳርሚ ትከሻዋን ሰበቀች። ወደ ክሊኒኩም ወደ ጎዶማም መውጫው መንገድ አንድ ነው።

ያን ዓርብ፣ ዘሃራ ከበሩ ስትመለስ፣ ሀያት ከትራሱ ቀና ብላ፣ ዓይኗን እያሻሸች፣ «አባ፣ የምታወራው ለእኔ ነው?» አለችኝ። ምንም አይደል ተኚ አልኳት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ማንያታ በሙሉ ሰማ፤ ዘሃራ ሰማች፣ የፊት ለፊቱ ነጋዴ ሰማ፣ የጎዶማ መንገደኛ ሰማች። ያልሰማችው የነገርኳት ጆሮ ብቻ ናት።